ከደሴ እስከ በሽሎ፦ ጄኔራሉ የሄደበት፣ ንጉሡ የጠረገው መንገድ

ቅዳሜ፣ ደሴ

ደሴ ውስጥ የጦር መሪ ወሬ ከተነሳ የሚጠራው ስም አንድ ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች ቡና ቤት ተቀምጬ ወደ መቅደላ እንደምሄድ፣ የምከተለውም በ1860 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣውን የእንግሊዙን ጄኔራል የናፒየርን ዱካ እንደሆነ ስናገር አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ስኒያቸውን አስቀምጠው ገላመጡኝ።

«አንተ ልጅ፣ የኛው ሰው እያለልህ የፈረንጅ ኮቴ ምን ያስቆጥርሃል?»

እውነታቸውን ነው። መሐመድ አሊ ተብሎ ከወሎ ባላባቶች ተወልዶ፣ በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ክርስትና ተነስቶ ሚካኤል የተባለ፣ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን ያገባ፣ የወሎን ፈረሰኛ አስከትሎ ዓድዋ የዘመተ፣ በ1906 የወሎና የትግሬ ንጉሥ ሆኖ የነገሠ ሰው ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ዕድል ከዳው እንጂ እንደ እሱ ያለ ፈረሰኛ አዝማች በዘመኑ ጥቂት ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ጉዞ ይወጣዋል አልኳቸው። «አብሽር፣ ያው ትመለሳለህ» ብለው በረካውን ሳልጠጣ እንዳልነሳ አዘዙ።

ናፒየርን የመረጥኩት በሙያዬ ምክንያት ነው። መንገድ ቀያሽ ነኝ። በትምህርት ቤት የተነገረን ናፒየር መድፍና ጠመንጃ ይዞ የመጣ፣ የመቅደላን አምባ የሰበረ ሰው ነው። የሕይወት ታሪኩ ሲታይ ግን ሰውየው ዕድሜውን አብዛኛውን የፈጀው መሬት ሲለካ፣ ጎዳና ሲቀድ፣ ቦይ ሲያስቆፍር ነው። ይህን ስል እያሞካሸሁት አይደለም። እንዲያውም ይበልጥ የሚያስፈራው በዚህ ነው።

እሑድ፣ ከደሴ ወደ ተንታ

ገና ጎህ ሳይቀድ ተሳፈርን። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የቆርቆሮ ጥቅልና እግሩን የታሰረ አንድ በግ ተጭኗል። ረዳቱ በጉን «ሙሉ ሰው» ብሎ አስከፍሎበት ከባለቤቱ ጋር እስከ ኩታበር ተጨቃጨቁ። ከኩታበር ወዲያ ጭቅጭቁ በረደ፤ ቁልቁለቱ አፍ ያስይዛል። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍሬን ሳያበዛ፣ በሞተሩ ጉልበት እየያዘ አወረደን። የወሎ ደጋ እንዲህ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ገበታ ይመስላል፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ መሬቱ ድንገት ይከዳል።

እስከ ተንታ ያለውን ሰዓት ስለ ሰውየው በማሰብ አሳለፍኩት። ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር (የእሱን ታሪክ የምቆጥረው በእ.ኤ.አ. ነው) በ1810 ኮሎምቦ፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ተወለደ። አባቱ የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ በ1811 ጃቫ ውስጥ ሜስተር ኮርኔሊስ የተባለ ምሽግ ሲሰበር በደረሰበት ቁስል ሞተ፤ የልጁ ሁለተኛ ስም ከዚያ የመጣ ነው። ልጁ በ1826 የቤንጋል መሐንዲሶች ጦር ውስጥ ገባ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ህንድ ደረሰ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ በሂማላያ ጥግ ዳርጂሊንግ የተባለችውን ከተማ መቀየስና መንገዷን ማውጣት ነው። ቀጥሎ የሲኮች ጦርነት መጣ። ሙድኪ ላይ ፈረሱ ከሥሩ ተመታ፣ ፌሮዝሻህ ላይ ራሱ ቆሰለ። እንግሊዝ ፑንጃብን ስትጠቀልል የአውራጃው ዋና መሐንዲስ ሆኖ ጎዳናና የመስኖ ቦይ አሠራ። በ1857 የህንድ ወታደሮች ባመፁ ጊዜ ሉክናው ላይ ዳግም ቆሰለ፤ በ1860 ቻይና ዘምቶ የታኩን ምሽጎች ከሰበሩት አንዱ ሆነ፤ በ1865 የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ተባለ።

ወደ እኛ ሲመጣ ዕድሜው 57 ነው። አፄ ቴዎድሮስ በእኛ አቆጣጠር በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ፣ ቆንስሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን መቅደላ ላይ ታስረው፣ ለንደን ዘመቻ ስትወስን የተመረጠው ይኸው ሰው ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው አለ። እንግሊዝ ጀግና ከፈለገች ሞልቷታል፤ የፈለገችው ሺህ ጊዜ ሺህ ኩንታል ጭነት ከባሕር አውጥቶ ደጋ ላይ የሚያደርስ ሰው ነበር።

ተንታ አመሻሽ ላይ ደረስን። መብራት የለም። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቦ መተኛት።

ሰኞ፣ ወደ አምባው

መሪያችን የአካባቢው ገበሬ ናቸው፤ ስልሳውን የዘለሉ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድመው እንደ ጎረምሳ የሚራመዱ። በቅሎ ተከራይተን ሻንጣውን ጫንባት። እኔም ልቀመጥባት ስል «ወንድምዓለም፣ ለመውጫው ትቆይልህ» አሉኝ፤ በእግሬ ሄድኩ።

በቅሎዋን ሳያት ስለ ዙላ አሰብኩ። የናፒየር ጦር ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲወርድ ከባዱ ጠላት ጥምና የእንስሳት በሽታ ነበር። ከየአገሩ ተገዝተው የመጡ በቅሎዎች ውሃና ጠባቂ አጥተው በወደቡ ላይ እየወደቁ አለቁ። ናፒየር ታኅሣሥ 1860 ከመርከብ ወርዶ ያገኘው ይህን ዝብርቅርቅ ነው። ለመተኮስ አልቸኮለም። በመርከቦች ላይ የባሕር ውሃ እየተነነ እንዲጣራ አደረገ፤ የድንጋይ ማራገፊያ ተሠራ፤ ወደ ተራራው ሥር 18 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ወደ ሰንዓፌ የሚያወጣው ገደል እየተፈለጠ የጋሪ መንገድ ወጣለት። 13,000 ወታደር፣ 26,000 ያህል አገልጋይና ተከታይ፣ ከ40,000 በላይ እንስሳ፣ በእነሱ ላይ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች። መድፉን እስከ በሽሎ ወንዝ ማዶ ያመጡት ዝሆኖቹ ናቸው። ስንቅና መኖ ደግሞ በማሪያ ቴሬዛ ብር ከአገሬው ተገዛ፤ ገበሬው የሚቀበለው ሌላ ገንዘብ አልነበረም።

ሌላም የማይዘለል ነገር አለ፤ ያ ሁሉ ጭነት ያለ ሐበሻ ፈቃድ አያልፍም ነበር። ናፒየር «የመጣሁት ለእስረኞቹ ነው፣ ጨርሼ እወጣለሁ» እያለ አዋጅ በተነ። የትግራዩ ካሳ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ተገናኝተውት መንገድና እህል ፈቀዱ፤ ሲመለስም መድፍና ጠመንጃ ሰጣቸው። የላስታው ዋግሹም ጎበዜም አልተጋፉትም። እዚህ ወሎ ደግሞ ከቴዎድሮስ ላይ ደሙን የሚመልስ እንጂ ለእሱ ደሙን የሚያፈስ አልነበረም።

ይህን ስናነሳ መሪያችን ቆም አሉ። «ቴዎድሮስ ጀግና ነው፤ እኔ ጀግና አይደለም አልል። ግን ያኔ የተቃጠለው የማን ቤት መሰለህ? የኛ ነው» አሉ። በ1848 መባቻ አምባውን ከያዘ በኋላ ወሎን ደጋግሞ ዘምቶበታል። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወርቂቱ ሲገባ፣ እሷም ወደ ሸዋ ስታሳልፈው፣ ቴዎድሮስ በእጁ የነበረውን ልጇን ከገደል ወረወረው። ሌላዋ የወሎ እመቤት መስተዋት ናፒየር ሲመጣ ከአምባው በስተኋላ ያለውን ማምለጫ በፈረሰኛ ዘጋች። ስለ መቅደላ ሲተረክ የእነዚህ ሁለት ሴቶች ነገር በአንድ መስመር የሚታለፍ መሆኑ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ከሰዓት በኋላ የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ፣ ሴባስቶፖል ጋ ደረስን። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ያየሁትን ልናገር። ነሐስ ስለሆነ እንደ ብረት አልዛገም፤ አረንጓዴ ወዙ ላይ የጣት መዳሰሻ የበዛበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ያበራል። ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ መዳፌን ዘርግቼ ለካሁት፣ አልበቃኝም። 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቫልድማየርና ዛልሙለር ከመሳሰሉ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋር የተቀለጠው ይህ መድፍ፣ ከደብረ ታቦር እዚህ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መጣ።

ቀያሽ ሆኜ ያንን አስቤው አላውቅም ነበር። ጋሪ የሚሸከም መንገድ የሌለበት አገር ነው። ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ 1860 ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ድንጋዩን እየፈነቀለ፣ ገደሉን እየናደ፣ ራሱ አካፋና ዶማ እየያዘ። ቤተ ሖር፣ ዋድላ፣ የጅዳ ገደል፣ ደላንታ፣ ከዚያ በሽሎ፣ ከዚያ ዳገቱ። በዚያው በጋ፣ ከሰሜን በኩል፣ ሌላ መሐንዲስ ወደዚሁ አምባ መንገድ እየቀደደ ይመጣ ነበር። አንዱ የግምጃ ቤት ገንዘብ፣ ባቡርና ዝሆን አለው፤ ሌላው የቀረው ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ ታማኝ ሠራዊትና ክንዱ ነው። ቀድሞ የደረሰው ቴዎድሮስ ነው።

ማክሰኞ፣ እስላምጌ፣ ፋላ፣ አሮጌ

ጠዋት በቆቂት በር ወጣን። በሩ ዛሬ የድንጋይ ክምርና ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ እንግሊዞቹ እዚህ ደጃፍ ሲደርሱ በሩን የሚያፈነዱበት ባሩድና መሰላል ረስተው መምጣታቸው ታወቀ። የረሱት ደግሞ መሐንዲሶቹ ናቸው! ከባሕር እስከዚህ አንድ ምስማር ሳያጎድል የመጣ መሐንዲስ ጄኔራል፣ በመጨረሻዋ ሰዓት የገዛ ሙያ ጓደኞቹ ጉድ አደረጉት። መሪያችን ይህን ስነግራቸው በሳቅ ፍርስ አሉ። ኋላ ማግነርና በርጊን የሚባሉ ሁለት የ33ኛው ሬጅመንት ወታደሮች በጎን ገደሉን ቧጥጠው፣ የእሾህ አጥሩን ጥሰው ገቡ። ከውስጥ የቀረው ጥቂት ሰው ነበር። ቴዎድሮስ እጁን ላለመስጠት፣ ቪክቶሪያ በደህናው ዘመን በላከችለት ሽጉጥ ራሱን ገደለ።

ከአምባው ወርደን እስላምጌ የሚባለውን ሜዳ ተሻገርን። ጦርነቱ አንድ ቀን ሲቀረው ሐሙስ ዕለት ንጉሡ በርካታ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ገድሎ ወደ ገደል ያስወረወረው እዚህ ነው። ጫፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ለማየት ሞከርኩ፤ አልቆየሁም።

ከሥላሴ ተራራ አልፈን ፋላ ላይ ስንወጣ ግን ሁሉም ነገር እንደ ካርታ ተዘረጋ። ከሥራችን አሮጌ፣ ዝርግ የእርሻ ማሳ። ከማሳው ወዲያ ወርቅ ውሃ የሚባለው ሸለቆ እየተጥመዘመዘ ወደ በሽሎ ይወርዳል። ማዶ ደላንታ። ቴዎድሮስ መድፎቹን የደረደረው እኔ የቆምኩበት ላይ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ናፒየር ሊሳሳት ለጥቂት ተርፏል። ሸለቆው ተይዟል፣ አያሰጋም የሚል መልእክት ከፊት መኮንኑ ደርሶት ጓዙንና መድፉን በወርቅ ውሃ አስወጣ። ሲደርስ ግን የሸለቆው አፍ ባዶ ነው፤ የሚጠብቀው እግረኛ የለም። ቴዎድሮስ ከላይ በቅሎ ብቻ ሲግተለተል አይቶ ሠራዊቱን ለቀቀ። ፊታውራሪ ገብርዬ ቀድሞ፣ ሰዉ በፎከራ ከዚህ ተዳፋት እንደ ጎርፍ ወረደ። ናፒየር የባሕር ኃይሉን ሮኬትና ስናይደር የታጠቀውን 4ኛ ሬጅመንት በሩጫ አምጥቶ ነው ያቆመው። ስናይደር ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ የኛ ሰው አንዱን በአፈሙዝ አጉርሶ፣ ጠቅጥቆ፣ እስኪያነጣጥር እነሱ ደጋግመው ይተኩሳሉ። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ የፑንጃብ ወታደሮች አሮጌ ጠመንጃ ስለያዙ ውጊያው በሳንጃና በጦር ሆነ። በነጎድጓድና በዝናብ መሐል ሲያበቃ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞተው 1,200 ያህል ቆስለዋል፤ ገብርዬም ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ነው፤ ከእነሱ ሁለቱ ሞቱ።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ ናፒየር የጦር ጥበብ መጻፍ አይሆንልኝም። ዕለቱን የያዘለት ጠመንጃው ነው፤ ጠመንጃውን እዚህ ያደረሰው ደግሞ መንገዱ ነው።

ማሳው ላይ አንዲት እናት ባቄላ ሲለቅሙ አገኘናቸው። «እንግዳ ዝም ብሎ አያልፍም» ብለው ከነቆቡ እፍኝ ሙሉ ሰጡን። ጥርሴ ላይ እየፈለቀቅሁ ወረድኩ።

ረቡዕ፣ ወርቅ ውሃና በሽሎ

የመጣሁት ለዚህ ቀን ነው።

የናፒየር ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ ከፊቱ አንድ ነገር ተዘርግቶ አገኘ፤ ቴዎድሮስ ለመድፉ የጠረገው መንገድ። ጅዳ ገደል ውስጥ የወረዱት በእሱ ነው። በሽሎም የወረዱት በእሱ ነው። ጓዙ በወርቅ ውሃ የወጣው በዚያው በንጉሡ ጎዳና ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች ራሳቸው በሥራው ተደንቀዋል። ከሂማላያ እስከ ፑንጃብ መንገድ ያወጣው መሐንዲስ የመጨረሻዎቹን ገደሎች የተሻገረው ሊወጋ በመጣበት ሰው መንገድ ላይ ነው፤ ያንን መንገድ ባያገኝ ዝሆኖቹ የት ላይ በቆሙ ነበር እያልኩ ወረድኩ።

ሸለቆው ውስጥ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ደጋው ቀርቶ ቁልቋልና ግራር ይመጣል። ከአሮጌ ብዙም ሳንርቅ፣ የበቅሎ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ በግራ በኩል አንድ እርከን መሰል ነገር ተለይቶ ሲሄድ አየሁ። ስፋቱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ከላይ በኩል ዓለቱ ተቆርጧል፤ ከታች በኩል ድንጋይ ያለ ጭቃ ተደርድሮ ደግፎታል። ቁልቁለቱን በዓይኔ ገመትኩት፤ ለበቅሎ ቢሆን ይህን ያህል ማለዘብ አያስፈልግም። ወደ ጎን እየዞረ፣ እየተመለሰ፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ሰፋ ይላል። ከባድ ነገር የሚጎትቱ ሰዎች ተሰልፈው የሚዞሩበትን ስፍራ ማስፋት ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ገመዱ ገደል ይገባል።

«ይኼ የቴዎድሮስ ነው?» አልኳቸው መሪያችንን።

«አባቶቻችን የንጉሥ መንገድ ይሉታል። እኛ ከብት እንነዳበታለን።»

ምስክርነቴን ለመስጠት በቂ መሣሪያ አልያዝኩም፤ ሜትርና የስልክ ካሜራ ብቻ። የእርሻ እርከን ሊሆን አይችልም ግን፤ ከላዩም ከታቹም የሚታረስ አፈር የለም። ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ተከትዬው ናዳ በላው። ከናዳው ወዲያ ደግሞ ብቅ ይላል፤ ጎርፍ በበላበት ይጠፋል። እንዲህ እየጠፋ እየተገኘ ወንዙ ድረስ አወረደን።

በሽሎ በበጋ ጉልበት ድረስ ነው። ጠጠሩ ነጭ፣ ውሃው ለብ ያለ። ጫማችንን አውልቀን ተሻግረን ተመለስን፤ ለመሻገሩ ያህል። አምባው ከዚህ ሲታይ ወደ 1,000 ሜትር ሽቅብ ነው። ናፒየር እዚህ ቆሞ ቀና ብሎ አይቶታል።

ከድሉ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ወታደሩ አምባውን ዘረፈ፤ ለብሪቲሽ ሙዚየም የሚገዛ ሰው አብሮ ዘምቶ ነበርና ብራናውና ሌላው የተዘረፈ ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ዘረፋውን የተሸከሙት 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ናቸው ይባላል። ሕንፃው በሚያዝያ 10 ተቃጠለ። ልጅ ዓለማየሁ ተወሰደ፤ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ። ናፒየር ቃሉን ጠብቆ ከአገር ወጣ፤ በዚህ አላማውም። ሙያው ግን ከዚህ በኋላ ነው ያበበው፦ «የመቅደላው ባሮን ናፒየር» ተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 የህንድ ጦር ዋና አዛዥ፣ በ1876 የጅብራልታር ገዢ፣ በ1883 ፊልድ ማርሻል ሆነ። በ1890 ሲሞት ለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። የዘመቻው ወጪ መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል ተብሎ 9 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ የኛ አገር የመንገድ ፕሮጀክት ብቻ አይደለም የሚንር ማለት ነው።

ዳገቱ ላይ በቅሎዋ ተሰጠችኝ። ባትኖር ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

ሐሙስ፣ ተንታ

ስልክ ኔትወርክ ሲያገኝ ፎቶዎቹን ደሴ ላለ የታሪክ መምህር ወዳጄ ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «መለኪያውን ይዘህ ና፣ እኔም እመጣለሁ፤ ክረምት ሳይገባ።» ሥራው ቀላል ነው። ከአሮጌ እስከ በሽሎ ያለውን ቁራጭ በጂፒኤስ እየለኩ በካርታ ማስፈር፣ የድንጋይ ድጋፉን ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ በማዶ ደላንታ በኩል የሚቀጥለውን መፈለግ፤ ኦፓል የሚቆፍሩት የወገል ጤና ልጆች ገደሉን ከማንም በላይ ያውቁታል። አስቸኳይ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ወደ አምባው መኪና የሚያስገባ መንገድ ይሠራልን የሚል ጥያቄ በአካባቢው አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ወላድ በቃሬዛ የምትወርድበት አገር ነው። ዶዘር የገባ ቀን ግን በጣም ለስላሳውን ቁልቁለት መርጦ ነው የሚወርደው፤ ያንን ቁልቁለት ደግሞ ቴዎድሮስ ቀድሞ መርጦታል።